«ና»፦ አንዲት ፊደል፣ ብዙ ትርጉም

ነ፣ ኑ፣ ኒ፣ ና። አራተኛዋን ፊደል እንመልከት። «ና» ብቻዋን ስትቆም ሙሉ ቃል ናት። በሌላ ቃል ጫፍ ስትለጠፍ ደግሞ ሌላ ሥራ ትሠራለች። በሌሎች ቋንቋዎችም ውስጥ አለች፤ እዚያ ግን ትርጉሟ ሌላ ነው።

በመጀመሪያ የራሳችንን እንይ። ወንድ ልጅን ስንጠራ «ና» እንላለን። ሴት ልጅን «ነይ»፣ ብዙዎችን «ኑ»፣ ትልቅ ሰውን «ይምጡ» እንላለን። «ይምጡ» የወጣው «መጣ» ከሚለው ቃል ነው። «ና» ግን ከዚያ አልወጣችም። የራሷ ዘር አላት።

ዘመዶቿ በግእዝና በትግርኛ ይገኛሉ። በግእዝ ወንድ ሲጠራ «ነዓ»፣ ሴት ስትጠራ «ንዒ»፣ ብዙዎች ሲጠሩ «ንዑ» ይባላል። የትግርኛ ተናጋሪም ዛሬ ልጁን ሲጠራ «ንዓ» ይላል። አማርኛ ግን ከጉሮሮ የሚወጣውን የ«ዓ» ድምፅ በጊዜ ብዛት ተወው። ቃሉም አጠረና «ና» ሆነ።

ሁለተኛዋ «ና» አያያዥ ናት። «ባልና ሚስት»፣ «ጤፍና ገብስ» ስንል ሁለቱን ታያይዛለች። «ደክሞኛልና ልረፍ» ስንል ደግሞ ምክንያት ትናገራለች።

አሁን ወደ ጎረቤት እንሂድ። በሰሜን ሸዋ አማርኛ ተናጋሪውና ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤት ነው፤ በገበያም ይገናኛል። በኦሮምኛ «ና» ማለት «እኔን» ማለት ነው። «ና ኤጊ» ቢሉን «ጠብቀኝ» ማለታቸው ነው። ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው ግን «ና» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ሊሄድ ይችላል። ጠብቅ ሲባል መጣ ማለት ነው!

ክራፕፍ የሚባል አንድ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. በሸዋ ሲኖር አንኮበር ተቀምጦ ነበር። ኦሮምኛም ያጠና ነበር። ከዚያም በ1836 ዓ.ም. ሞምባሳ ወረደ፤ ስዋሂሊ ተማረ፤ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላትም አዘጋጀ። በስዋሂሊ «ባባ ና ማማ» ማለት «አባትና እናት» ማለት ነው። እዚያም «ና» እንደ እኛው አያያዥ ናት! ግን የእኛ «ና» ከስዋሂሊ አልመጣችም፤ የእነሱም ከእኛ አልሄደችም። ስዋሂሊ የሌላ ቤተሰብ ቋንቋ ነው።

ከዚህም ራቅ እንበል። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ዘምቶ ነበር። በኮርያ ቋንቋ ጓደኛ ለጓደኛው «ና» ሲል «እኔ» ማለቱ ነው። ሩሲያዊ ደግሞ እጁን ዘርግቶ «ና» ቢለን «እንካ» ማለቱ ነው።

ይህ ሁሉ እንዴት ሆነ? የሰው አፍ የሚያወጣው ድምፅ የተወሰነ ነው። ቋንቋ ግን በሺህ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አጫጭር ቃላት በአጋጣሚ በድምፅ ይገጥማሉ። ድምፁ ስለ ገጠመ ብቻ ዘመድ ናቸው አይባልም። ዘመድነታቸው የሚታወቀው እንደ «ነዓ»፣ «ንዓ» እና «ና» ድምፁም ትርጉሙም አብሮ ሲሄድ፣ ሌሎች ብዙ ቃላትም እንዲሁ ሲመሳሰሉ ነው።

ለእኛ ለአንባቢዎችና ለጸሐፊዎች ትልቁ ቁም ነገር ግን ይህ ነው። አዲስ አበባ ላለ ወንድማችን ደብዳቤ ጻፍን እንበል።

«አባታችን ታሟልና ገንዘብ ያዝ።»

«አባታችን ታሟል። ና። ገንዘብ ያዝ።»

ፊደሎቹ አንድ ናቸው። የመጀመሪያውን ያነበበ ወንድም ገንዘብ አዘጋጅቶ እዚያው ይጠብቃል። ሁለተኛውን ያነበበ ግን የዛሬውን አውቶቡስ ይይዛል። በአራት ነጥብ ጉድለት ልጅ ከአባቱ አልጋ ሊቀር ይችላል። በአፍ ስንናገር ድምፃችን ይለየዋል። ወረቀት ግን ድምፅ የለውም፤ የሚለየው ነጥቡ ነው።

ስለዚህ አያያዧን «ና» ከፊቷ ካለው ቃል ጋር አጣብቀን እንጻፍ። ጥሪዋን «ና» ለብቻዋ እናቁም፤ ነጥብም እናድርግላት። ስናነብም አንዷን ቃል አይተን አንፍረድ። ከፊቷና ከኋላዋ ያለውን እንይ።

እስቲ እነዚህን አንብቡ። ጥሪ የሆነችው «ና» የትኛዋ ናት?

1. ጨውና በርበሬ ግዛ።
2. ዝናቡ ዘነበና መሬቱ ራሰ።
3. ቡናው ፈልቷል፤ ና።