በተሰበረ ጀበና ውስጥ

እናቴ ከሐዋሳ ወደ ሊልበርን በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ጀበናዋ ተሰበረ። ሻንጣዋ ውስጥ በነጠላ ጠቅልላ ያመጣችው ነበር። የሰባት ዓመቷ ልጄ ከመደርደሪያ ላይ ስታወርደው ወደቀ። አንገቱ ተቆርጦ ቀረ፤ ሆዱ ግን ምንጣፉ ላይ ተንከባሎ ደህና ቆመ። ልጄ አለቀሰች። እናቴም "አይዞሽ የእኔ እናት፣ ዕቃ ነው፤ ይተካል" አለቻት። እኔ ግን ሆዱን አንሥቼ የቀዳዳውን ስፋት በጣቴ እየለካሁ ነበር። ለወራት ስፈልገው የነበረው ዋሻ ይኸው ተገኘ።

ነገሩን ላስረዳ። ሳሎናችን ጥግ ላይ 75 ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ የሚኖሩት ድንክ ሲክሊድ የሚባሉ ዓሦች ናቸው። ሳይንሳዊ ስማቸው አፒስቶግራማ ካካቱኦይድስ ሲሆን አገራቸው የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው። ወንዱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ሴቷ ከአምስት ብዙም አትበልጥም። የወንዱ የጀርባ ክንፍ ከፊት በኩል እንደ ላባ ይቆማል። ስሙም የመጣው ካካቱ ከተባለው ወፍ ነው።

እነዚህ ዓሦች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ዋሻ ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ እያጣበቁ ነው። የፕላስቲክ ዋሻ ገዝቼላቸው ነበር፤ ዞር ብለው አላዩትም። ጀበናውን ሦስት ጊዜ አፍልቼ የቡናውን ሽታ ካወጣሁ በኋላ ገንዳው ውስጥ አጋደምኩት። በአራተኛው ቀን ሴቷ ገባችና አልወጣችም።

እናቴ መጀመሪያ በዓሦቹ ስቃለች። "ይሄ እኮ ለአንድ ጉርሻም አይበቃም!" ብላለች። አትፈረድባትም። እኛ ያደግነው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው። እዚያ ዓሣ ማለት ቆሮሶ ነው፤ ይጠበሳል፣ ሾርባ ይሆናል፣ ጥሬውን በዳጣ የሚበላም አለ። አባ ኮዳዎቹም የተጣለውን ለመልቀም ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቆሮሶን እዚህ አሜሪካ ቲላፒያ ይሉታል።

አንድ ቀን ግን ቆሮሶም የእነዚህ ድንክ ዓሦች ዘመድ መሆኑን ነገርኳት። ሁለቱም ሲክሊድ ከተባለው ቤተሰብ ናቸው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ትይዛለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ልጆቿ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ሁለት ሳምንት ገደማ እዚያው ታቆያቸዋለች። በዚያ ጊዜ ምግብ የምትበላው ከስንት አንዴ ነው። እናቴ ዝም አለች። ቆይታ "ስንቷን ጠብሻለሁ" አለች።

ሌላም ዘመድ አለን። በአፋር፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማ ነው፤ ፍል ውኃም ይገባበታል። እዚያ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የምትባል ትንሽ ሲክሊድ ትኖራለች። ለሳይንስ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በተፈጥሮ ከአፍዴራ በቀር ሌላ ቤት የላትም። ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው ከጎረቤቷ ሳይመጣ አልቀረም።

ወደ ጀበናው ልመለስ። እንቁላል የጣለች ሴት መልኳ ይለወጣል፤ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ትሆናለች፣ ጥቁር ምልክትም ይወጣባታል። ወንዱ እጥፍ ሊያክላት ምንም ያህል አይቀረውም፤ ግን በደጇ ካለፈ ታባርረዋለች። እናቴ ይህን ስታይ ስም አወጣችላት፤ "ቢጫዋ" አለቻት።

እንቁላሎቹ በሦስት ቀን ተፈለፈሉ። ከዚያ ወዲያ አምስት ቀን ያህል ቆይተው መዋኘት ጀመሩ። በአማርኛ ጫጩት የምንለው የዶሮን ልጅ ብቻ አይደለም፤ የዓሣም ልጅ ጫጩት ይባላል። ቢጫዋ ክንፏን ስታርገበግብ ጫጩቶቹ መሬት ላይ ይለጠፋሉ፤ አደጋው ሲያልፍ ተከትለዋት ይነሣሉ።

እነዚያን የመጀመሪያዎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በውኃ በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ ይበሉታል፣ ግን ትንሽ ከበዛ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ምግብ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። ጠዋት ስነሣ አንድም አልነበረም። ቢጫዋ ባዶውን ጀበና ስትዞር ዋለች። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ኮድ ባበላሽ ወደ ትናንቱ እመልሰዋለሁ። እዚህ ግን ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግራት አላወቅሁም። እውነቱን ነገርኳት። ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ቢጫዋ እንደገና ጣለች። አሁን ምግቡ አርቴሚያ ሆነ። አርቴሚያ የጨው ውኃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ እንስሳ ነው፤ እንቁላሉ ደርቆ በጣሳ ይሸጣል። ጠርሙስ ውስጥ ጨዋማ ውኃ አድርጌ፣ በ27 ዲግሪ ሙቀት ከሥር አየር ስነፋበት በአንድ ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ሲበሉት ሆዳቸው ብርቱካንማ ሆኖ ይታያል፤ መጥገባቸውን የማውቀው በዚያ ነው። ውኃውን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ እቀይራለሁ። የጉዊኔት ካውንቲ ውኃ ከላኒየር ሐይቅ ስለሚመጣ ለስላሳ ነው፣ ለአማዞን ዓሣ ይመቻል። ክሎሪኑን ግን ማስወገድ ግዴታ ነው።

በጥር ወር አንድ ሌሊት በረዶ ዛፎቹን ሰብሮ መብራት ጠፋ። ማሞቂያውም አየር መንፊያውም ቆሙ። ውኃው ከ26 ዲግሪ ወደ 21 ወረደ። ጫጩቶቹ ገና የዘጠኝ ቀን ዋናተኞች ነበሩ። መንፊያውን በስልክ መሙያ ባትሪ አስነሣሁት። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ጋቢዋን አውልቃ ገንዳውን ጠቀለለችው።

"እማዬ፣ አንቺስ? ይበርድሻል እኮ" አልኳት።

"እኔ ሹራብ አለኝ፤ እነሱ ምን አላቸው?" አለችኝ።

ምድጃውን በክብሪት ለኩሳ ውኃ አፈላች። ሙቁን ውኃ ጠርሙስ ውስጥ እየከደንን ገንዳው ላይ አንሳፈፍን፤ ሲቀዘቅዝ ቀየርን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባትሪው አለቀ። (በእንግሊዝኛ ሰዓት ሦስት መሆኑ ነው፤ ልጆች፣ ስድስት መቀነስ አትርሱ።) ከዚያ በኋላ አየር እንዲገባው ውኃውን በጭልፋ እየቀዳን መልሰን አፈሰስን፤ አንዴ እኔ፣ አንዴ እናቴ። ልጄ ባትሪ ይዛ ታበራልን ነበር። አያቷ እንቅልፍ እንዳይጥላት ስለ አሞራ ገደል ታወራላት ነበር፤ ልጄም ያልገባትን ቃል እያስቆመች ትጠይቃለች።

መብራቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ጋቢውን ገለጥን። ቢጫዋ ጀበናው በር ላይ ነበረች፤ ጫጩቶቹ አይታዩም። ልጄ በቀዳዳው አበራች፣ አየች፣ መቁጠር ጀመረች። በአማርኛ እስከ ሃያ ታውቅ ነበር። ሃያ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ አያቷን አየች።

"ሃያ አንድ" አለች እናቴ።

ሠላሳ አራት ደረሱ።

በሦስተኛው ወር ወንዱ ከሴቱ ተለየ፤ ከተረፉት መካከል ሴቶቹ በጥቂት ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮመርና ባይዘንሄርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የአፒስቶግራማ ጫጩቶች ጾታ በውኃው ሙቀት እንደሚወሰን አሳትመዋል። ሲሞቅ ወንዱ ይበዛል። ልጄ "ሴቶቹ የበዙት በዚያ ሌሊት ምክንያት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የአንድ ሌሊት ብርድ የሚበቃ አይመስለኝም፤ እሷ ግን ያንን ነው ለሁሉ የምትናገረው።

እናቴ በግንቦት ወደ ሐዋሳ ተመለሰች። በቪዲዮ ስንደዋወል መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ቢጫዋ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ። በቅርቡ ሰው አግኝታ አዲስ ጀበና ላከችልን። ልጄ ነጠላውን ፈትታ አየችውና "ይሄኛው ለቡና ነው ወይስ ለዓሣ?" አለችኝ።