ከቃል በፊት ሰውነት፦ የሌኮክ ትምህርት ቤት

«ተውኔት» የሚለው ስም «ተዋነየ» ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ ነው፤ ትርጉሙም ተጫወተ ማለት ነው። ስሙ የሚነግረን ስለ ጨዋታ እንጂ ስለ ጽሕፈት አይደለም። ይሁንና ተውኔት መድረስ ሲባል ቀድሞ የሚታየን ጠረጴዛና ወረቀት ነው። ደራሲው ምልልሱን ጽፎ ያስረክባል፤ አዘጋጁና ተዋንያኑ ደግሞ እንቅስቃሴ ያለብሱታል። ዣክ ሌኮክ እ.ኤ.አ. በ1956 ፓሪስ ውስጥ የከፈተው የቴአትር ትምህርት ቤት ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። እዚያ ተማሪው መጀመሪያ ያስተውላል፣ ያስተዋለውን በገዛ ሰውነቱ ይሞክራል፤ ቃል የሚመጣው ዝምታ አልበቃ ሲል ነው። ይህ መንገድ ከተዋናዩ ባልተናነሰ ለጸሐፌ ተውኔቱ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የተውኔት ጥሬ ዕቃ ሰው በሰው ላይ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ንግግር ከዚያ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ሌኮክ (1921–1999) ወደ ቴአትር የመጣው ከስፖርት ነው። ከ1948 ጀምሮ ስምንት ዓመት በጣሊያን ሲሠራ ከቀራጺው አምሌቶ ሳርቶሪ ጋር ተገናኘ፤ የትምህርት ቤቱ ዋና መሣሪያ የሆነው ገለልተኛው የቆዳ ጭንብልም ከዚህ ትብብር ተወለደ። ጭንብሉ አይስቅም፣ አያዝንም፤ የለበሰውም ሰው አይናገርም። ከታወቁት ልምምዶች አንዱ ስንብት ነው፦ ወዳጅ በመርከብ ሊሄድ ነው፤ ተማሪው ወደ ወደቡ ሮጦ ይደርሳል፣ እጁን ያውለበልባል፣ መርከቧ ከዓይኑ እስክትርቅ ይቆማል። ፊቱ ስለተሸፈነ ኀዘኑን በእንባ ሊያሳይ አይችልም። የአካሄዱ ፍጥነት፣ የሚቆምበት ቦታና ቆሞ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ ይቀሩታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የድርሰት ትምህርት ነው። ስንብት መነሻ፣ መድረሻና ማብቂያ ያለው ድርጊት መሆኑን፣ «ቻው» የሚለው ቃል ከመጻፉ በፊትም ትዕይንቱ ቅርጽ እንዳለው ተማሪው በእግሩ ያውቀዋል።

ሌኮክ የሰውን ግንኙነት ሁሉ በሁለት እንቅስቃሴዎች ይፈትሻል፦ መግፋትና መሳብ። ሌላውን እገፋለሁ፣ በሌላው እገፋለሁ፣ ራሴንም እገፋለሁ። ይህ የጂምናስቲክ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው የገዛ ቋንቋውን ያድምጥ፤ አማርኛ የተበደለውን «የተገፋ» ይለዋል፣ የወደደውንም «ልቡ ተሳበ» ይላል። ምልከታውም እንዲሁ ሥርዓት አለው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው እንደ ሆስፒታል ያለ የሥራ ቦታ ገብተው ለሳምንታት ኑሮውን ይካፈላሉ፤ ከዚያ ያዩትን ወደ መድረክ ያመጣሉ። ከ1968 ወዲህ ደግሞ መምህር በሌለበት በየዕለቱ እየተለማመዱ የራሳቸውን አጭር ሥራ ይፈጥራሉ፣ ሲደርስም በትምህርት ቤቱ ፊት ያቀርባሉ። ስለዚህ ተዋናይነትና ደራሲነት ከመጀመሪያው ቀን አይለያዩም።

ተውኔት የቋንቋ ጥበብ ነው፣ ይህ ዘዴ ቃልን ያራክሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ እንቅስቃሴው አምሮ ሐሳቡ ባዶ የሆነ ትርኢት አለና። ሆኖም ሌኮክ ቃልን አላባረረም፤ ቃል ውስጥ ያለውን እንቅስቃሴ ተማሪው እንዲፈልግ ያደርገዋል፣ በሁለተኛው ዓመትም ወደ ትራጄዲና ወደ ክላውን ያሻግረዋል። ጸሐፌ ተውኔቷ ያስሚና ሬዛም ጥሩ ማስረጃ ናት። በዚህ ትምህርት ቤት ተምራለች፤ በ1994 ለመድረክ የበቃው «አርት» ተውኔቷ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ክርክር ነው። ሦስት ጓደኛሞች በ200,000 ፍራንክ በተገዛ ነጭ ሥዕል ይጣላሉ። ጠቡን ግን ክርክር አይፈታውም። የሥዕሉ ባለቤት እስክሪብቶ ያቀብላል፤ ሥዕሉን የናቀው ጓደኛውም በነጩ ሸራ ላይ በበረዶ የሚንሸራተት ሰው ይስልበታል። ያ ሁሉ ንግግር ያልቻለውን አንድ የእጅ እንቅስቃሴ ቻለው።

ሌላው ተቃውሞ ታላላቅ ጸሐፍተ ተውኔት እንዲህ ያለ ትምህርት ሳይማሩ ጽፈዋል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሼክስፒርና ሞልየር ራሳቸው ተዋንያን ነበሩ፤ ቼኮቭ ደግሞ የሰውን አካል ማየት ሙያው የሆነ ሐኪም ነበር። ትምህርት ቤቱን ባያውቁትም ትምህርቱ ነበራቸው። ያንን ዕድል ያላገኘ ጀማሪ ደራሲ ግን በልምምድ ሊያገኘው ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ መግባትም አያስፈልገውም። የጻፈውን ትዕይንት ወስዶ ምልልሱን ይሸፍን፤ ተነሥቶም የቀረውን በሰውነቱ ይሥራው። ማን ማንን እንደገፋ፣ ማን ወደ ማን እንደተሳበ አሁንም ከታየ ተውኔት ጽፏል። ካልታየ የጻፈው ንግግር ነው፤ ተውኔቱ ገና ይቀረዋል።