የሕንጻ ሥራ ምዕራፎች

«ዐረፈ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የተገኘው «ምዕራፍ» የሚለው ቃል፥ ዛሬ በአብዛኛው የመጽሐፍን ክፍል የምንጠራበት ቢሆንም፥ በመነሻ ትርጓሜው መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ የሚያርፍበት፥ የመጣበትን ርቀት የሚለካበትና የቀረውን የሚያስብበት ስፍራ ነው። በንድፍና በግንባታ ሥራ የተሰማሩ ሰዎች «ማይልስቶን» ለሚሉት ነገር ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም። በሥራ ጉዞ ውስጥ የሚወሰነው ምዕራፍ በቀን መቁጠሪያ ላይ የተከበበ ዕለት ብቻ አይደለምና፤ ባለንብረቱ፥ ንድፍ አውጪው፥ አማካሪ መሐንዲሱ፥ ሥራ ተቋራጩና ግንበኛው በአንድነት ቆመው «እስከዚህ ደርሰናል» ብለው በአንድ ቃል የሚመሰክሩበት ነው።

ለዚህ ነገር የኒው ዮርኩ ኤምፓየር ስቴት ሕንጻ መልካም ምስክር ነው። በዚያ ከተማ በቆየው ልማድ የኪራይ ውል የሚጀምረው በሜይ 1 ቀን ስለ ነበረ፥ ባለንብረቶቹ የሕንጻውን ፍጻሜ እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1931 ላይ ወሰኑ፤ ንድፍ አውጪዎቹና ተቋራጮቹም ከውጥኑ ወደ ፍጻሜው ሳይሆን ከፍጻሜው ወደ ውጥኑ እየቈጠሩ፥ እያንዳንዱ ሥራ በየትኛው ቀን መጠናቀቅ እንዳለበት ሰሌዳ አወጡ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሰሌዳው አጀማመር ነው። የብረቱ ምሰሶ የሚቆምበት ቀን ከመጻፉ በፊት፥ ንድፍ አውጪው ስለ ብረቱ አስፈላጊውን መረጃ የሚሰጥበት፥ ዝርዝር ሥዕሉ የሚያልቅበት፥ ትእዛዙ ወደ ፋብሪካ የሚላክበትና ብረቱ ከሥራው ቦታ የሚደርስበት ቀን ሁሉ በየተራው ተጽፎ ነበር፤ ይኸውም በወረቀት ላይ የሚሠራው ሰው በጭቃና በአቧራ ውስጥ ከሚደክመው ሰው ጋር በአንድ የጊዜ ቀንበር የተጠመደ መሆኑን ያሳያል።

ግንባታው እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1930 ተጀመረ፤ የብረቱ አጽም በአማካይ በሳምንት 4 ፎቅ ተኩል ያህል እየጨመረ ወጣ፤ 102 ፎቅ ያለው ሕንጻም ከ13 ወር ተኩል በኋላ፥ በተቀጠረለት ዕለት፥ ፕሬዚዳንት ሁቨር ከዋሽንግተን ሆነው ቊልፍ በመጫን መብራቱን አበሩና ተመረቀ። ይህን ሁሉ ለሰሌዳው ብቻ መስጠት ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነበረና ሥራ የሚፈልግ እጅ በብዛት ይገኝ ነበር፤ በይፋ በተመዘገበው ቍጥር መሠረትም 5 ሠራተኞች በዚያ ሥራ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ይህን ሳያስታውሱ ፍጥነቱን ብቻ ማወደስ ለእኔ አይቻለኝም።

የነገሩ ሁሉ ሥር «ተፈጸመ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በየሥራው ቦታ «90 በመቶ ደርሷል» ሲባል ይሰማል፤ ነገር ግን ከምኑ ላይ 90 በመቶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። አንድን ሶሌታ እንውሰድ። ለፎርማኑ ሶሌታው የሚያልቀው አርማታው የተሞላ ዕለት ነው፤ ለመሐንዲሱ ግን የአርማታ ጥንካሬ በልማድ የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ስለ ሆነ፥ ውሃ ጠጥቶ የቆየው ናሙና ተሰብሮ ውጤቱ ካልታየ ሥራው በእምነት እንጂ በማስረጃ አልተፈጸመም፤ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደግሞ የሽቦው ቱቦ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ካልተቀበረ፥ ያ «ያለቀ» ሶሌታ ነገ በመዶሻ ሊሰበር የሚጠብቅ ነው። እንግዲህ ምዕራፉ ሲወሰን እነዚህ ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፥ ምን ሲታይና በማን ሲረጋገጥ ሶሌታው አለቀ እንደሚባል መስማማትና ስምምነታቸውን በመዝገብ ማስፈር አለባቸው። የክፍያ ሰርተፊኬቱም፥ ጊዜያዊ ርክክቡም፥ የመጨረሻው ርክክብም የሚያከራክሩት ብዙውን ጊዜ ይህ ስምምነት አስቀድሞ ባለመጻፉ ነው።

መዘግየት ሁሉ በክብደቱ እኩል አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የተጀመረው የወሳኝ መሥመር ስሌት ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ የአጥር ቀለም አሥር ቀን ቢዘገይ የምረቃው ዕለት አይነቃነቅም፤ መሠረቱ አሥር ቀን ቢዘገይ ግን በእርሱ ላይ የሚቆመው ሁሉ አሥር ቀን ይገፋል።

ነገር ግን ስሌቱም ሰሌዳውም የሚያውቁት ሰው የነገራቸውን ያህል ብቻ ነው። መዘግየቱን የተናገረ ፎርማን በጉባኤ ፊት የሚዋረድበት ቦታ ሰሌዳው ሁልጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ እውነቱ የሚገለጠው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰብሳቢው በየሳምንቱ መጀመሪያ «ማን ዘገየ?» ብሎ ከሚጀምር «በሚመጣው ሳምንት ምን ሊያግደን ይችላል?» ብሎ ቢጀምር እጅግ ይሻላል። ያን ጊዜ ፎርማኑ ፌሮው ዘጠኝ ቀን ዘግይቶ እንደሚመጣ ሳይፈራ ይናገራል፤ ግንበኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ የታችኛውን ፎቅ ግድግዳ እንደሚጨርስ ይነግረዋል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ቱቦውን ወደዚያ ያዞራል፤ ጸሐፊውም በሰሌዳው ላይ የነበረውን ቀን ሳይፍቅ፥ አዲሱን ከጎኑ ይጽፈዋል።