ስለ ሒሳብ ማስያ መሣሪያና ስለ ቁልፎቹ ስፋት

አባቶቻችን ሒሳባቸውን በጣትና በጠጠር፥ ኋላም በብዕርና በወረቀት ሲያደርጉ ኖረዋል። ዛሬ ግን ካልኩሌተር የሚባለው የሒሳብ ማስያ መሣሪያ ያልገባበት መሥሪያ ቤትና ሱቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ የሚገዛው ዋጋውንና መልኩን አይቶ እንጂ ጣቱንና ዐይኑን አማክሮ አይደለም። ስለዚህ ለቤተሰብ የሚስማማው የትኛው እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት ወደድን።

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ስፍራ በምሳሌነት እንውሰድ። በጋምቤላ ክልል በአቦቦ ወረዳ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን (ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.) በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ለመስኖ እርሻ የተሠራ ነው፤ የተጠራቀመውም ውኃ ለዓሣ አጥማጆች መተዳደሪያ ሆኗል። በዚያ አንድ አባወራ 12.5 ኪሎ ዓሣ በኪሎ 180 ብር ሸጠ እንበል፤ የሚገባው 2,250 ብር ነው። ጣቱ ነጥቧን ስታ 125 ብሎ ቢያስገባ ግን መሣሪያው ያለ አንዳች ሐፍረት 22,500 ይላል። መሣሪያ የነገሩትን ይመልሳል እንጂ ስሕተትን አይገሥጽም። ገንዘቡም የብዙ ባልንጀሮች የጋራ ገንዘብ የሆነ እንደ ሆነ፥ አንዲት የተሳተች ቁልፍ በወዳጆች መካከል ጥርጣሬን ትዘራለች።

ደግሞም ሰው ዕድሜው ከ40 ዓመት ሲያልፍ የቅርቡን ጥቃቅን ነገር ለማየት እየተቸገረ መሄዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። በዚህም ምክንያት የቤቱን መዝገብ ለብዙ ዘመን የያዙ አባት ወይም እናት፥ ቁጥሩ አልታይ ሲላቸው አፍረው ሥራውን ለልጅ ይተዋሉ። አእምሮአቸው ሳይደክም የመሣሪያው ትንሽነት ብቻ ከሥራቸው ቢያስወጣቸው በደል ነው። ቁልፉ የሰፋ መሣሪያ ግን ክብራቸውን ይጠብቅላቸዋል።

እንግዲህ ገዢው ከመክፈሉ በፊት መሣሪያውን በጠረጴዛ ላይ አኑሮ ይመርምረው። በመጀመሪያ፥ አንድ ጣት ሁለት ቁልፍ እንዳይነካ በቁልፎቹ መካከል በቂ ክፍተት ይኑር። ሁለተኛ፥ ቁልፉ ሲጫኑት ዝቅ ብሎ ወዲያው የሚመለስ፥ መጫኑም ለጣት የሚታወቅ ይሁን። ሦስተኛ፥ አኃዙ በቀላሉ የማይፋቅ፥ ቀለሙም ከቁልፉ ቀለም ጎልቶ የሚታይ ይሁን። አራተኛ፥ የመጨረሻዋን አኃዝ ብቻ የሚያጠፋው ቁልፍ ሁሉን ከሚያጠፋው ተለይቶ ይታወቅ። አምስተኛ፥ መስተዋቱ ወደ ተመልካቹ ያዘነበለ፥ ግርጌውም የማይንሸራተት ይሁን። ኤሌክትሪክ በማይደርስበት ስፍራ ለሚሠራም በብርሃንም በባትሪም የሚሠራው ይሻለዋል።

የአኃዙም ብዛት ሊታሰብ ይገባል። የአልዌሮ ግድብ የሚይዘው ውኃ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ይህ ቁጥር ብቻውን 8 አኃዝ ይሞላል። ወደ ሊትር ሲለወጥ ግን 75 ቢሊዮን፥ ማለት 11 አኃዝ ይሆናል። ባለ 8 አኃዝ መሣሪያ ይህን አሟልቶ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ለቤት ወጪ ባለ 8 የሚበቃ ሲሆን፥ የመሥሪያ ቤትን በጀት ለሚያሰላ ባለ 12 እንዲመርጥ እንመክራለን።

አንድ ነገር እንጨምር። በስልክ ላይ ከላይ ያሉት 1፥ 2፥ 3 ሲሆኑ፥ በሒሳብ ማስያ ላይ ግን 7፥ 8፥ 9 ናቸው። ስልክ የለመደ ጣት በዚህ ይሳሳታልና፥ ብዙ ጊዜ በ5 ቁልፍ ላይ የምትገኘውን ትንሽ ጉብታ በጣት እየፈለጉ መልመድ ይጠቅማል።

ሰፊ ቁልፍ ያለው መሣሪያ በጠረጴዛ ላይ ጥቂት ስፍራ ይወስዳል፤ ዋጋውም ምናልባት ጥቂት ይበልጣል። ነገር ግን በአንድ ዜሮ ምክንያት ከሚመጣ ኪሳራና ጠብ ጋር ቢመዘን እጅግ ርካሽ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን ለቤታችሁ ስትገዙ በመዝገቡ ላይ የሚቀመጡትን ሽማግሌ ወይም እመቤት አብራችሁ ወስዳችሁ፥ በገዛ ጣታቸው እንዲሞክሩት አድርጉ።