ባለበት ሁኔታ የተሸጠችው ሳጥን… “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!”

እናንተዬ፣ ጨረታ ትወዳላችሁ? እኔ እንኳ ማስታወቂያው ላይ “ዕቃው ባለበት ሁኔታ ይሸጣል” የምትለዋን ነገር ሳነብ ሆዴ ባር ባር ይላል። ባለበት ሁኔታ ማለት እኮ ወርቅ ከሆነ ዕድልሽ፣ ጠጠር ከሆነ ዕዳሽ ማለት ነው!

ዛሬ የማጫውታችሁ የአንዲት ጓደኛዬን ጉዳይ ነው። ስሟ ይቆየን። ዕድሜዋ 26 ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከዶቃና ከቀጭን ሽቦ ጉትቻ እየሠራች ለሰው ትሸጣለች። ከጥቂት ወራት በፊት ዕቁብ ደረሳት። ገንዘቡ የታሰበው ለእናቷ የዓይን ሕክምና ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ከአገር ሊወጡ የተዘጋጁ የውጭ ሰዎች የቤት ዕቃቸውን በጨረታ ሲሸጡ አንዲት የእንጨት ሳጥን ዓይኗ ውስጥ ገባች። ሦስት ነጫጭ የአንገት ሐብሎች፣ በክር የተሰካ አሮጌ ዶቃ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ ትንሽ ሚዛን፣ ሁለት ጠገራ ብር… ምን የሌለ አለ! “አትርፌ ለእማዬ እጨምርላታለሁ” አለችና 18,000 ብር ሰጥታ አሸነፈች።

ጣጣው የጀመረው ቤት ስትገባ ነው። ጎረቤት ሁሉ ባለሙያ ሆነ። አንዱ “ኮምጣጤ ውስጥ ክተቺው” ይላል፤ ሌላዋ “እውነተኛ ከሆነ እሳት አይነካውም” ትላለች። እሷም ቸኩላ መቀስ አነሳችና የሦስቱንም ሐብሎች ክር ቆረጠች። የሁለቱ ፍሬ እንደ ሽምብራ ወለሉ ላይ ተበተነ፤ አልጋ ሥር ገብታ ስትለቅም አመሸች። ከሦስተኛው ሐብል የወደቀችው ግን አንዲት ፍሬ ብቻ ነበረች። ያቺኑ ምስኪን አንስተው ክብሪት ለኮሱባት። ፍሬዋ ጠቁራ ተሰነጠቀች። “በቃ፣ ፕላስቲክ ነው!” ተባለ።

በማግስቱ ሦስተኛውን ሐብል ይዛ አንድ ወርቅ ቤት ገባች። ሰውየው አገላብጦ አየና “ፕላስቲክ ነው እህቴ፤ ግን ለፋሽም፣ በ5,000 ብር ልውሰድልሽ” አላት። ልትሸጥለት እጇን ከዘረጋች በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላት፦ ፕላስቲክ ከሆነ ምን ያደርግለታል?

ሮጣ እኔ ዘንድ መጣች። ተያይዘን ዕድሜያቸውን በሙያው ወደፈጁ አንድ አዛውንት አንጥረኛ ሄድን። እሳቸውም የተቃጠለችውን ፍሬ መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ “ልጄ፣ እሳት እውነተኛውንም ይገድለዋል እኮ!” አሏት።

ለመሆኑ ሉል ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ፐርል የምንለው ሉል ከመሬት የሚወጣ ድንጋይ አይደለም። ኦይስተር የሚባል ዛጎል ለባሽ የባሕር እንስሳ ሰውነቱ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባበት ሽፋን በሽፋን እየደራረበ የሚሠራው ነው። በቀይ ባሕር የዳህላክ ደሴቶች፣ በባሕረ ሰላጤው ደግሞ ባሕሬን በጠላቂዎቻቸው የታወቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1893 ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ ኦይስተር ውስጥ ባዕድ ነገር አስገብቶ ግማሽ ክብ ሉል ማስመረት ቻለ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በዚህ መንገድ የለሙ ክብ ሉሎች ዓለም ገበያ ገቡ፤ የባሕረ ሰላጤው የጠላቂዎች ንግድም ተንኮታኮተ።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት አለ ማለት ነው፦ ራሱ የበቀለ፣ ሰው ያለማውና አስመሳይ። ሰው ያለማውም እውነተኛ ሉል ነው፤ እንስሳው ነዋ የሠራው! አስመሳዩ ደግሞ የትናንት እንዳይመስላችሁ። ፓሪስ ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባዶ የብርጭቆ ፍሬ ውስጡ ከዓሣ ቅርፊት በተገኘ አብረቅራቂ ነገር ይቀባና በሰም ይሞላ ነበር። ስለዚህ “አሮጌ ነውና እውነተኛ ነው” የሚባል ነገር አይሠራም።

አዛውንቱ ያስተማሩን

1. ክሩን አትቁረጡ። ጥሩ ሉል አብዛኛውን ጊዜ በየፍሬው መሃል ቋጠሮ አለው፤ ክሩ ቢበጠስ አንዲት ፍሬ ብቻ እንድትወድቅ። ቋጠሮ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ፍንጭ ነው። ክሩ፣ ቋጠሮውና መቆለፊያው የዕቃው መታወቂያ ወረቀት ናቸው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

2. በእጅ መዝኑ፣ በጉንጭ ዳስሱ። እውነተኛ ሉል መጀመሪያ ቀዝቀዝ ብሎ ቆይቶ ይሞቃል፤ ከፕላስቲክም ይከብዳል። ብርጭቆም ግን ይቀዘቅዛል፤ ይከብዳልም። ስለዚህ እዚህ ላይ አትቁሙ።

3. በጥርስ ሞክሩ፣ ግን አትንከሱ! ፍሬዋን ጠርጉና የፊት ጥርሳችሁ ጠርዝ ላይ በቀስታ አንሸራቱ። እውነተኛው እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ይላል፤ አስመሳዩ አብዛኛውን ጊዜ ልስልስ ነው።

4. ቀዳዳውን እዩ። ትልቁ ምስጢር እዚህ ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ የአስመሳዩ ቀዳዳ አፍ እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ይላላጣል። ሰው ባለማው ደግሞ ውስጡ የገባው ፍሬና ላዩ የተደረበው ሽፋን የሚለያዩበት ቀጭን መስመር ሊታይ ይችላል።

5. እሳት፣ ኮምጣጤና ሎሚ ክልክል ናቸው። ሉል የኖራ ዘር ስለሆነ አሲድ ይበላዋል። አሮጌ ፕላስቲክ ደግሞ ሴሉሎይድ ከሆነ ክብሪት ሲያይ ቦግ ይላል፤ ፈተናው ቀርቶ ቤታችሁን እንዳታቃጥሉ!

ራሱ የበቀለውን ሰው ካለማው በእርግጠኝነት የሚለየው ግን የኤክስሬይ ምርመራ ነው። ባሕሬን ውስጥ ዳናት የሚባለውና በ2017 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ተቋም ይህንን ከሚሠሩት አንዱ ነው። ባሕረ ሰላጤው አገር ዘመድ ያላችሁ ያዙልኝ።

የቀረው ዕቃስ?

መቆለፊያና ስባሪ ጉትቻ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ፈልጉ። 750 ማለት 18 ካራት ወርቅ፣ 585 ማለት 14 ካራት ነው። 925 እና 800 ብዙውን ጊዜ ብር ናቸው። ማኅተም ግን ሰው የሚመታው ነገር ነውና በመፈተኛው ጥቁር ድንጋይ አስፈትኑ። ጠገራ ብር ላይ የምታዩት 1780 ደግሞ አያታልላችሁ። ከዚያ ወዲህ የትም አገር፣ መቼም ይመታ ሁሉም ያንኑ ዓመት ነው የሚይዘው። ትክክለኛው ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ በአንጥረኛ ሳጥን ውስጥ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ወይም ነጭ ዱቄት ካገኛችሁ አትክፈቱ፣ አታሽቱ፣ ቧንቧ ውስጥ አትድፉ። ሙያው ናይትሪክ አሲድ፣ ሜርኩሪ፣ ሳያናይድም ሳይቀር ይጠቀማል። ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡና ባለሙያ ጥሩ።

የሳጥኗ መጨረሻ

የመጀመሪያው ሐብል ፕላስቲክ፣ ሁለተኛው ቀለም የተቀባ ብርጭቆ ሆነ። ሦስተኛውስ? ሰው ያለማው፣ ግን እውነተኛ ሉል! መቆለፊያው ላይ 750 ተመቷል፤ ድንጋዩም መሰከረለት። ወርቅ ቤቱ ሰውዬ ለምን እንዳዘነላት አሁን ገባችሁ?

ከዚህ በኋላ ጓደኛዬ ሀብታም ሆነች ብዬ አልዋሻችሁም። መሣሪያውንና ጠገራውን ሸጣ 11,000 ብር መለሰች። ቀሪውን በጉትቻ ሽያጭ ለመሙላት ሁለት ወር ፈጀባት፤ የእናቷ ሕክምናም ሁለት ወር ዘገየ። እናትየው አሁን ታክመዋል፣ ተመስገን! ሐብሉን ግን አልሸጠችውም። አዛውንቱ እንደገና በቋጠሮ ሰክተውላት በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች።

ጠቁራ የቀረችዋን ፍሬ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛት ትዞራለች። ጨረታ ቦታ እጇን ከማንሳቷ በፊት አንዴ ትነካታለች። “ምነው?” ስላት “ማሰቢያዬ ናት” አለችኝ።

በሉ እንግዲህ፣ እናታችሁ ቁምሳጥን ውስጥ አሮጌ ሐብል ካለ መቀሱን አስቀምጡና መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩት። ቸር ሰንብቱ!