ገነተ ልዑል፦ ሙዚየም የሆነ መኖሪያ

ከመገናኛ ተነሥቶ በቀበና በኩል ወደ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ የሚወጣ ሰው፣ ዐፄ ምኒልክ በሰጡት ሰፊ መሬት ላይ የተመሠረተውንና ጥንታዊ ዛፎች የሞሉትን የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ በአጥሩ ላይ እያየ ያልፋል፤ ትኬት ቆርጦ ሊገባበት የሚችለው የቀድሞ ዘመን መኖሪያ ከነአትክልቱ የሚገኘው ግን ከፍ ብሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ውስጥ ነው። ይህም ቀድሞ የራስ መኮንን ይዞታ በነበረው መሬት ላይ ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1920ዎቹ ያሠሩት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው።

ጎብኚው ወደ ቤቱ ለመግባት ባይቸኩል መልካም ነው፤ ከታሪኩ ከባዱ ክፍል የተፈጸመው በደጅ ነውና። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን እንደራሴ፣ ማለትም በጣሊያን ንጉሥ ስም አገር የሚገዛ ሹም የነበረው ግራዚያኒ በዚህ ግቢ ለድሆች ምጽዋት በሚያድልበት ሥነ ሥርዓት ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት፤ ከዚያም በከተማው ሕዝብ ላይ ለቀናት ለዘለቀው ጭፍጨፋ መታሰቢያ የሆነው ሐውልት ከግቢው በር ውጭ፣ በስድስት ኪሎ አደባባይ ቆሟል። በቤቱ ፊት ለፊት ያለው ጠመዝማዛ ደረጃም የዚያው ዘመን ቅሪት ሲሆን፣ እያንዳንዱ እርከን የፋሺስት አገዛዝን አንድ ዓመት እንዲቆጥር ተብሎ የተሠራ ነው። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። የወራሪውን ሥራ ሳያጠፉ ድል አድራጊውን ከላዩ ማቆም፣ በቅርስ አጠባበቅ ረገድ ከማፍረስ እጅግ የበለጠ ጥበብ ነው።

ቤቱ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ በአረንጓዴው ሳሎን የታገቱ መኳንንትና ሹማምንት የተገደሉበት ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብዙም ሳይቆዩ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ከልደት እስከ ሞት ያለውን የሕዝቦች ሕይወት በቅደም ተከተል ያሳይበታል። በእንግሊዝ አገር የሚጎበኙ የመኳንንት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የቤት ዕቃቸውን በየቦታው እንደያዙ ይቆያሉ፤ እዚህ ግን የመኖሪያነት መልክ በዋናነት የተረፈው በላይኛው ፎቅ፣ በንጉሠ ነገሥቱና በእቴጌይቱ እልፍኝ፣ ማለትም በግል መኝታና መታጠቢያ ክፍሎቻቸው ነው። ኤግዚቢሽኑ ሰፊና ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ፣ ቤቱን እንደ ቤት ማየት የሚሻ ጎብኚ ከእነዚህ ክፍሎች ቢጀምርና ከዚያ ወደ ኤግዚቢሽኑ ቢመለስ ይሻለዋል።