መቀመጫ የጎደለው መንግስት በምን ይቆማል?

እዚህ ጆሀንስበርግ፣ ጄፒ በምንለው የሀበሻ ገበያ ሱቅ ያለው ወዳጄ በግንቦት 2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ኢንጂነር፣ ለመሆኑ ዛሬ ከንቲባችን ማነው?» ስቄ ላልፈው አልቻልኩም። እኛ ስደተኞች አንመርጥም፤ ነገር ግን የውሃው፣ የመብራቱና የመንገድ ንግዱ ደንብ የሚወሰነው በዚያ ምክር ቤት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሂሳብ ነው። ምክር ቤቱ 270 መቀመጫ አለው፤ ለአብላጫ 136 ያስፈልጋል። በ2016ም ሆነ በ2021 ምርጫ ይህን ብቻውን ያገኘ ፓርቲ የለም። ስለዚህ ከንቲባው ሁሉ የመተማመኛ ድምፅ እንዳይነፈግ እየሰጋ ይኖራል። ታዲያ ራሱን በምን ይከላከላል? እንደታዘብኩት መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛው፣ የድጋፉን ዋጋ አውቆ መክፈል ነው። በ2016 ኸርማን ማሻባ ሲመረጥ ፓርቲው ዴሞክራቲክ አሊያንስ የነበረው 104 መቀመጫ ብቻ ነው። ትናንሾቹ አጋሮች ተጨምረውም አልሞላም። ያቆመው 30 መቀመጫ የነበረው ኢ.ኤፍ.ኤፍ. ነው፤ ወደ ጥምረቱ ሳይገባ ከውጭ ሆኖ ድምፁን ሰጠው። በፊናው በኮንትራክተር በኩል ይሠሩ የነበሩ የጥበቃ ሠራተኞችን ከተማው ራሱ እንዲቀጥር ጠየቀ፤ ማሻባም ፈጸመ። ማሻባ ስለ ስደተኞች የተናገረው ለኛ ደስ የሚል አልነበረም፤ ሆኖም ሦስት ዓመት ቆየ። በጥቅምት 2019 ስልጣን መልቀቁን ያስታወቀውም ተቃዋሚ ጥሎት ሳይሆን ከገዛ ፓርቲው ጋር ተጣልቶ ነው።

ሁለተኛው፣ የስብሰባውን ሕግ መያዝ ነው። ከንቲባ ምፖ ፋላትሴ መስከረም 30 ቀን 2022 በድምፅ ተነሱ። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ድምፁ አጀንዳ የተያዘበት መንገድ ሕገ ወጥ ነው ተባለና ጥቅምት 25 ቀን ተመለሱ። ግን ጥር 26 ቀን 2023 ላይ 140 አባላት ድምፅ ሰጥተው እንደገና አነሷቸው። ፍርድ ቤት ጊዜ ይሰጣል እንጂ ድምፅ አይሰጥም።

ሦስተኛው፣ የተቃዋሚዎች አለመስማማት ነው። ጀርመኖች ይህን ሕግ አድርገውታል፤ በሕገ መንግስታቸው አንቀጽ 67 መሠረት መሪውን የሚያወርድ ምክር ቤት በዚያው ድምፅ ተተኪውን መምረጥ አለበት። ሄልሙት ሽሚት በ1982 በሄልሙት ኮል የተተኩት እንዲህ ነው። ጆሀንስበርግ ላይ ግን ይህ ግዴታ የለም። መጀመሪያ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ይታሰባል። ከፋላትሴ በኋላ ወንበሩ ከ270ው 3 መቀመጫ ብቻ ላለው አል ጀማዓ ፓርቲ ተሰጠ። የፓርቲው ታፔሎ አማድ በሚያዝያ ለቀቁ፤ በግንቦት ካቤሎ ግዋማንዳ ተተኩ። የወዳጄ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

መንግስት አይውረድ ማለቴ አይደለም። ማውረድ የምክር ቤት መብት ነው። ግን የሚያወርድ ሰው ማንን እንደሚያስቀምጥ አስቀድሞ ይንገረን።

የኛው ሕገ መንግስት አንቀጽ 60ም ጥምር መንግስት አብላጫውን ቢያጣ አዲስ ጥምረት ለመመስረት አንድ ሳምንት ይሰጣል፤ ካልሆነ ምርጫ። አንቀጹ እስካሁን አልተፈተነም። የሚፈተንበት ቀን ከመጣ፣ ሳምንት እንዴት አጭር እንደሆነች ጄፒ ያለው ባለሱቅ ሊነግረን ይችላል።